በ2012 ቤት ስንውል የተጫወትነው ገበጣ፤ ሕጉን የሚያውቅ አለ?

የሠራተኛ ሰፈር እናት
ጤና ይስጥልኝ። ከሠራተኛ ሰፈር ለቅቀን ልንሄድ ዕቃ ስንሸክፍ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ ቁራጭ ካርቶን አገኘን። ሠላሳ እንቁላል የሚደረደርበትን ግራጫ ካርቶን ታውቁታላችሁ፤ ከእርሱ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ነው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት የሽምብራ ፍሬዎች ቀርተዋል። ልጄ ሚሚ ገና ስታየው የምትጠቀልለውን ሳህን አስቀምጣ "የእማማ ገበጣ!" ብላ ጮኸች። ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ አሥረኛ ክፍል ናት።

እማማ የምንላት እናቴን ነው። በ2014 አርፋለች። ገበጣውን ያስተማረችን እርሷ ናት፤ ሕጉንም በቃሏ የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። ያን ማታ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች ካርቶኑን ከበን ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተጨቃጨቅን፤ አራታችንም የምናስታውሰው ለየቅል ሆነ። ጥያቄዬን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። አስቀድሜ ግን ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ላውጋችሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ ዓርብ ነበር። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የተባለው ለ15 ቀን ነው። ልጆቹ ቦርሳቸውን ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ቦርሳው ሳይወርድ ዓመቱ አለቀ። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። በግቢው ሰባት አባወራ አለ፤ የውኃ ቧንቧው ግን አንድ ነው። እማማ ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ሲሆን ስኳርም ነበረባት። በቴሌቪዥን "በዕድሜ የገፉና ሌላ ሕመም ያለባቸው ሰዎች" በተባለ ቁጥር ልጄ ዞር ብላ አያቷን ታያት ነበር። ያንን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በበረኪናና በሳሙና አለፉ። ከዚያ የሚታጠብ ነገር አለቀ። ትምህርት በቴሌቪዥንና በቴሌግራም መጣ፤ እኛ ቤት ግን ቴሌግራም ያለው ስልክ የባለቤቴ ብቻ ነበርና እርሱ ወደ ሥራ ሲወጣ ትምህርቱም አብሮት ይወጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ልጆቹ በአንዲት እርሳስ ሲነታረኩ እማማ ከመደቧ ሳትነሣ "ያንን የእንቁላል ካርቶን አምጪልኝ፤ መቀሱንም" አለች። ዐቢይ ጾም ስለነበር ካርቶኑ ባዶውን ነበር የተቀመጠው። ረድፎቹን ቆጥራ ቆረጠች፤ ከጣሳው ሽምብራ ዘግና አርባ ስምንት ፍሬ ለቀመች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት አራት አደረገች። እናቴ ገበጣ መጫወት እንደምትችል እኔ ራሴ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር አንድም ጊዜ ቁጭ ብላ ስትጫወት አይቻት አላውቅም ነበር፤ መቼ ጊዜ አግኝታ!

ጨዋታውን "ላም ወለደች" ትለዋለች። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ አንሥቶ ወደ ቀኝ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ፍሬ ይጥላል። የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል፤ ፍሬ ያለበት ላይ ካረፈች ያንን አንሥቶ ይቀጥላል። በመሀል አንዱ ጉድጓድ አራት ሲሞላ "ወለደች!" ይባላል፤ የጉድጓዱ ባለቤትም አራቱን ያነሣል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል።

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። የምጥላት የመጨረሻዋ ፍሬ በባላጋራዬ ጉድጓድ ውስጥ አራት ብትሞላ፣ አራቱ የማን ናቸው? የእኔ ወይስ የእርሱ? ባለቤቴ "የጉድጓዱ ባለቤት ነው የሚወስደው" ይላል። እኔ ደግሞ እማማ ከእኔ ጉድጓድ ስትወስድ አስታውሳለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ፣ መጨረሻ ላይ ሜዳው ላይ ጥቂት ፍሬ ብቻ ሲቀር ምን ይደረጋል? የሚያውቅ ካለ በእግዚአብሔር ይንገረኝ። በዚያው እናንተም ያንን ጊዜ ቤት ውስጥ እንዴት እንዳሳለፋችሁት ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ለእናትሽ ነፍስ ይማር። አራት ኪሎ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሣኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ትክክለኛው የገበጣ ሕግ ይህ ነው የሚል ሰው ቢመጣ አትመኚው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ እጅግ ብዙ ዓይነት አጨዋወት መዝግበዋል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፣ ሦስት ረድፍ ያለው አለ፤ በሦስት ፍሬ የሚጀመር አለ፣ በአራት የሚጀመር አለ። አንዱ አገር ያለው ሕግ ወንዝ ሲሻገር ይለወጣል። ስለዚህ አንቺ መፈለግ ያለብሽ የእናትሽን ሕግ ነው። እናትሽ የየት አገር ሰው ነበሩ?

ሁለተኛ፣ በዚያን ጊዜ ነጥብ የመዘገበ ሰው ቤታችሁ ነበር? ካለ ቁጥሮቹን ተመልከቺ። ሁሉም በአራት የሚካፈሉ ከሆነ ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልስ ይሰጡሻል። ፍሬ የሚነሣው በአራት በአራት ነው፤ አርባ ስምንትም በአራት ይካፈላል። ሜዳው ላይ የቀረውን እያንዳንዱ ከየረድፉ የሚሰበስበው ቢሆን ኖሮ እንደ 25 እና 23 ያለ ነጥብ በየጊዜው ያጋጥም ነበር።

ባለ ሚኒባሱ
እኅቴ፣ ጽሑፍሽ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ይታረም። እኛ አገር እንደ ሌላው ዓለም ሁሉም ሰው ቤቱ ይቆለፍ የሚል ትእዛዝ አልወጣም። መጋቢት 30 የተነገረውና ሚያዝያ 2 ቀን 2012 በምክር ቤት የጸደቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ ጭምብል አስገደደ፣ መጨባበጥን ከለከለ፣ ትራንስፖርት በግማሽ ሰው ይጫን አለ። ተከራይን ማስወጣትና ኪራይ መጨመርም ተከልክሎ ነበር፤ ተከራይ ስለነበርሁ ያንን አንቀጽ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። ቤት የዋለው መዋል የቻለው ነው። እኔ ከካዛንቺስ ወደ ሜክሲኮ በግማሽ ሰው ስመላለስ ነበር።

ቤተሰቤ ግን ቤት ዋለ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ ማታ ስመለስ በር ላይ ልብሴን ለውጬ፣ በባልዲ ታጥቤ፣ የምተኛው መተላለፊያው ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነበር። ወደ ውስጥ አልገባም። ከባለቤቴና ከልጄ ጋር የምንገናኘው በመስኮት ነው። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። በቆርኪ ዳማ እንጫወት ነበር፤ የእርሱ ቆርኪዎች ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ የእኔዎቹ ወደ ታች። ሰሌዳው ከእርሱ ጋር ውስጥ ነው። ጥቁሮቹን ቤቶች በቁጥር ጽፈንባቸዋል፤ እኔ በመስኮት "ከ22 ወደ 18" ስለው የእኔንም እርሱ ያንቀሳቅስልኛል። አንድም ቀን አላጭበረበረኝም። ማጭበርበር ቢፈልግ እኮ ሰሌዳውን አላየውም ነበር። ይህንን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ስለ ገበጣ አላውቅም። የማውቀው ዳማ ነው።

የሠራተኛ ሰፈር እናት
ወንድሜ፣ እውነትህን ነው። ቤት መዋል የቻልነው ባለቤቴ ደመወዝ ስላልተቋረጠበት ነው፤ ያንን መርሳት የለብኝም። የልጅህ ነገር ደግሞ አስለቀሰኝ። ባለቤትህ በሰላም ተገላገለች?

መምህር፣ እናቴ የመንዝ ሰው ናት። በልጅነቷ ነው አዲስ አበባ የገባችው።

ነጥብ የመዘገበ አለ ወይ ላሉኝ፣ አለ! ባለቤቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ከመጻሕፍቱ ሣጥን ውስጥ ደብተሩን ፈልጌ አወጣሁት። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡትን ቁጥር ይጽፍበት ነበር፤ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ ሕይወቱ ያለፈ። ከጀርባው የገበጣው ነጥብ አለ። "እማማ 28፣ ሚሚ 20።" "እማማ 32፣ እኔ 16።" "ሚሚ 24፣ አቡሽ 24።" ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠርሁት፤ ሁሉም በአራት ይካፈላል፤ አንድም የተለየ የለም። እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረውን አንድ ሰው ጠቅልሎ ይወስደው ነበር ማለት ነው። ግን ማን?

ደብተሩን ስገልጥ ሌላም ነገር አየሁ። የሕመምተኞቹ ቁጥር ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ገበጣ ነው። ባለቤቴን ጠየቅሁት። አንድ ማታ ቁጥሩን ጽፎ ሲጨርስ እማማ "ልጄ፣ የሞተውን ሰው ከምትቆጥር ዳዊት ድገምልኝ" ብላው ነበር። እኔ ይህንን አልሰማሁም ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ዳዊት ያነብላት የነበረው ለዚህ ኖሯል።

የቤኒን ሰፈሯ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፒያሳ ቤኒን ሰፈር ነው ያደግሁት፤ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ወደ ቤት ተመልሼ ነበር።

የረመዳን ጾም ሚያዝያ 16 ገባ። መስጊድ ተዘግቷል። ከኢፍጣር በኋላ ሰፈራችን ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ዓመት መንገዱ ጭር አለ። አባቴ ነጋዴ ነው፤ ጎበዝ ነጋዴ እንጂ ቃሪእ፣ ማለት ቁርአን አንባቢ፣ አይደለም። ተራዊሕን፣ የረመዳንን የሌሊት ሶላት፣ ሁልጊዜ መስጊድ፣ ከኢማም ኋላ ነው የሚሰግደው። ሳሎኑን ምንጣፍ አነጠፍን፤ ሶፋውን ወደ መኝታ ቤት አስገባነው። አባቴ ፊት ቆመ፣ ወንድሞቼ ከኋላው፣ እናቴና እኔ ከእነርሱ ኋላ። የመጀመሪያው ሌሊት በአጫጭር ሱራዎች አለፈ። በሦስተኛው ሌሊት ረዘም ያለ ሱራ ጀመረና መሀል ላይ ጠፋበት። ዝም አለ። ያኔ ቁርአን ቤት የሚማረው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ወንድሜ ከኋላ ሆኖ ቀጣዩን አንቀጽ ቀስ ብሎ አነበበለት። አባቴ ተቀብሎት ቀጠለ።

ሰላምታው እንደተሰጠ አባቴ ዞሮ ልጁን ግንባሩን ሳመው። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ይህ ሆነ። ሱቁ ቀዝቅዞ ነበርና አባቴ ከቀትር በኋላ ቤት ነው። ሁለቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ልጁ ያስጠናዋል፤ አባቴ ጣቱን ከፊደሉ በታች እያስኬደ ይደግማል። እናቴና እኔ ሳምቡሳ እየጠቀለልን እንሰማቸዋለን። እኔ አባቴን ተማሪ ሆኖ አይቼው አላውቅም ነበር። ዒዱ ግንቦት 16 ዋለ፤ ሌላ ጊዜ ሕዝቡ ስታዲየም ይሞላል፤ እኛ አዲስ ልብሳችንን ለብሰን ሳሎናችን ውስጥ ሰገድን።

አባቴ ዛሬም ያንን ሱራ ሲያነብ የትኛው ቦታ ላይ ጠፍቶበት እንደነበር ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

የአፍንጮ በሯ
ሁላችሁንም አነበብሁ። የሌሎችን ደስታ አልቃወምም፤ ለእኔ ግን ያ ጊዜ የጨዋታ ጊዜ አልነበረም፤ ይህም ይጻፍ።

አባቴ በግንቦት 2012 አረፈ፤ በኮሮና አይደለም፣ በልብ ሕመም ነው። የእድሩ ድንኳን አልተተከለም። አርባ ዓመት ሙሉ በየሰው ለቅሶ ድንኳን ሲያስተክል፣ ወንበር ሲያስቆጥር የኖረ የእድር ዳኛ እኮ ነው! ሰዎች አራት አራት ሆነው ጭምብል አድርገው እየመጡ፣ በር ላይ ቆመው አልቅሰው ሄዱ። ማንም ማንንም አላቀፈም። ንፍሮው ተቀቅሎ ተረፈ። አገራችን ውስጥ ሐዘን የሚቻለው ሰው ስለሚከበው ነው፤ ያ ሲቀር ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይረሳውም።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ እናቴ፣ እኅቴና እኔ ብቻ ቀረን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱ እስከ አርባው ሰው አይለየውም ነበር። ምን እናድርግ? እናቴ የአባቴን የፎቶግራፍ ሣጥን አወረደች። ሦስት ጣሳ ሙሉ ነው፤ አልበም የገባ የለም። በየቀኑ ጠዋት ቡናው ሲፈላ ጥቂት እናወጣለን፤ እናቴ ማን እንደሆነ ትናገራለች፣ እኅቴ ከጀርባው በእርሳስ ትጽፋለች። ስሙን የማታውቀው ሰው ሲያጋጥም ለአባቴ ጓደኞች እንደውላለን። "ባርኔጣ ያደረገ፣ ከግራ ሁለተኛው" እያልን ስንገልጽ፣ ሰውየው በስልክ ውስጥ ታሪኩን ይጀምራል፤ ይስቃል፣ ያለቅሳል። ለቅሶ መድረስ ያልቻሉት ሰዎች በዚህ መንገድ ለቅሶ ደረሱን። አርባው ሲደርስ ሁለቱ ጣሳ አልቆ ነበር።

ሦስተኛው ጣሳ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እናቴ አሁን ብዙ ትረሳለች። የእናንተን ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄጄ ጣሳውን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

የሠራተኛ ሰፈር እናት
እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለአባትሽም ነፍስ ይማር። ነገ ከነገ ወዲያ አትበዪ፤ ነገ ጠዋት ቡናው ሲፈላ ጀምሩት። እኔ የእናቴን የገበጣ ሕግ ሳልጽፍ የቀረሁት ነገም ያለች መስሎኝ ነው።

ልደታ አራተኛ ፎቅ
ከኮንዶሚኒየም ነው የምጽፈው፤ እናንተ ግቢ ነበራችሁ፣ እኛ ደረጃ ብቻ። ሦስት ልጆች በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ! የደረጃችን ልጆች ከየበራቸው ሳይወጡ እንቆቅልሽ ይጠያየቁ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ "እንቆቅልህ?" ሲባል ከአምስተኛ "ምን አውቅልህ?" ይላል፤ ካቃተው "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ ደሴ ሲሰጠው አልበቃኝም፣ ጎንደር ሲሰጠው አልበቃኝም። የኔ ትልቁ ልጅ አገሮቹ አልቀውበት ካርታ ገልጦ መፈለግ ጀመረ። ጂኦግራፊ የወደደው እንዲያ ነው።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ሰኔ 14 ነው። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ግርዶሽ ነበር፤ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ታየ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አብዛኛው ክፍሏ ተሸፈነ። ልጆቹ ወደ ፀሐይ እንዳያዩ እየፈራሁ፣ ባለቤቴ ፓስታ የምታጠልበትን ቀዳዳ ያለው ሳህን ይዛ ወደ ልብስ ማስጫው ወጣች። ፀሐይዋ በቀዳዳዎቹ አልፋ ሲሚንቶው ላይ ስታርፍ እያንዳንዷ ነጠብጣብ ክብ መሆኗ ቀርቶ ጥፍር የመሰለች ጨረቃ ሆነች። በመቶ የሚቆጠሩ ጨረቃዎች! ጎረቤቶች በየርቀታቸው ቆመው መሬት መሬቱን አዩ። እኔም በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ባለቤቴን ከየት አወቅሽው ብላት፣ ልጅ ሳለች በዛፍ ቅጠል ጥላ ውስጥ አይቼዋለሁ አለችኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለሳምንታት አልተመለሰም። የቴሌግራሙ ትምህርትም ቆመ። ያ ጊዜ ከበሽታው ይልቅ ከብዶን ነበር፤ ስለ እርሱ መጻፍ አልፈልግም።

የግራኝ ሜዳ ልጅ
እኅቴ የሠራተኛ ሰፈር እናት፣ እኔ መልሱ አለኝ። አያቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው ያደጉት፤ ክረምት ክረምት እርሳቸው ጋር እየሄድሁ ተጫውቻለሁ። እዚያ የምንጫወተው መሬት ቆፍረን በፍየል በጠጥ ነበር። በመሀል መንገድ አራት የሞላ የጉድጓዱ ባለቤት ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ የሞላችው ግን የጣዩ ነው፤ በማንም ጉድጓድ ውስጥ ይሁን። እርሱን ወስዶ ተራው ያልቃል። ባለቤትህ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ ትክክል ያልሽው አንቺ ነሽ።

ጡረተኛው መምህር
"ባለቤትሽ" ለማለት ነው። ለመልሱ ግን አመሰግናለሁ፤ እኔም ትናንት በወረቀት ሞክሬው ነበር። ጣዩ የማይወስድ ከሆነ ተጫዋቹ ወደ ባላጋራው ረድፍ በመሻገር የሚያገኘው ጥቅም እጅግ ይቀንሳል፤ 32 ለ 16 የሚያህል ልዩነት በቀላሉ የሚመጣ አይመስለኝም። ይህ ግን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ልጄ፣ ሚሚ ምን ትላለች? በደብተሩ ላይ ከአያቷ ጋር ብዙ የተጫወተችው እርሷ ናት።

ባለ ሚኒባሱ
እኅቴ፣ ባለቤቴን ጠይቀሽኝ ነበር፤ በሐምሌ በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ ነው መጀመሪያ ያየኋት፤ ልጄ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ተመርምሬ ነፃ ነህ ስባል ነው የታቀፍኋት። አሁን ዳማውን ለእርሷም እያስተማራት ነው።

የሠራተኛ ሰፈር እናት
እንኳን ማርያም ማረቻት! ቢዘገይም እንኳን ደስ ያላችሁ።

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የተጻፈውን ሁሉ ለቤተሰቡ አነበብሁላቸው። "የመጨረሻዋ ፍሬ የሞላችው የጣዩ ነው" የሚለው ላይ ስደርስ ሚሚ ጭንቅላቷን ይዛ "አዋላጅ!" አለች። ምን ማለትሽ ነው አልናት። እማማ እኮ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ አራት ስትሞላ "አዋላጁ ማን ነው?" ብላ ትጠይቅ ነበር፤ የጣለው ሰው "እኔ ነኝ" ሲል "እንግዲያ ጥጃው ላዋላጁ" ብላ ትሰጠዋለች። ልጄ ይህንን ስትናገር የእናቴ ድምፅ ነው የመጣው፤ አንገቷን ሳይቀር እንደ እርሷ አዘነበለች። ትንሹም ያን ጊዜ ትዝ አለው። እርሱ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበርና አዋላጅ ማለት ላም የሚያረባ ሰው ይመስለው ነበር። ባለቤቴም እሺ አለ።

መጨረሻ ላይ የሚቀረውንም አገኘነው። ሜዳው ላይ ስምንት ፍሬ ብቻ ሲቀር ቀድሞ አራት ያነሣ ሰው የቀሩትን አራትም ይደርባል። እንዲያ ስንጫወት ነጥቡ ሁሉ በአራት ተካፈለ።

አርባ አምስት አዲስ ሽምብራ ለቀምን፤ ካርቶኑ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱን ግን አልጣልናቸውም። ከእነርሱ ጋር አርባ ስምንት ሞላ። ሦስት ዙር ተጫወትን። በመጨረሻው ሚሚ አባቷን 28 ለ 20 አሸነፈችው፤ ደብተሩን አምጥታም ከእማማ መስመር በታች ራሷ ጻፈችው።

ጡረተኛው መምህር
እባክሽ ልጄ፣ ሕጉን ሙሉውን በአንድ ቦታ ጻፊልን። እዚህ ይቀመጥ።

የሠራተኛ ሰፈር እናት
እሺ መምህር። ሚሚ እየነገረችኝ ነው የምጽፈው።

ሁለት ረድፍ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ አራት አራት ፍሬ። ከራስ ረድፍ አንሥቶ ወደ ቀኝ አንድ አንድ መጣል። ባዶ ላይ ካረፈ ተራ ያልፋል፤ ፍሬ ላይ ካረፈ አንሥቶ መቀጠል። በመሀል አራት ከሞላ ለጉድጓዱ ባለቤት። በመጨረሻዋ ፍሬ አራት ከሞላ ለአዋላጁ፤ ተራውም ያልቃል። ስምንት ሲቀር ቀድሞ ያነሣ ሁሉንም። በሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱ ያገኘውን በአራት በአራት ይሞላል፤ 28 ያለው ሰባት ጉድጓድ ይኖረዋል፣ 20 ያለው አምስት። ፍሬ ከተነካ መመለስ የለም። ቆጥሮ ማሰብ ይፈቀዳል፤ በጣት እየነኩ መቁጠር አይፈቀድም።

የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሁለቱ በዕድሜ ትንሹ ነው።